ደንቡ ከየት መጣ? የልጅ ጠባቂ ቤቶች ረጅም ታሪክ

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። እገሊት የፓርኪንጉን ሥራ ትታ ቤቷ ውስጥ ልጆች መጠበቅ ጀመረች። «ዴይ ኬር ከፈተች» ይባልላታል። እዚህ ሆነን ስንሰማው ነገሩ ቀላል ይመስለናል። ልጅ መጠበቅ ምን አለው? የኛ እናቶች የጎረቤቱን ሁሉ ልጅ ሲጠብቁ ኖረው የለ እንዴ?

ከዚያ ወላጆች የሚፈርሙትን ውል ያየ ሰው ግራ ይጋባል። ስንት ልጅ በስንት ዓመቱ እንደሚገባ በቁጥር ተቀምጧል። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ ትራስም ብርድ ልብስም አይኖርም። ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ አንዲት ማንኪያ ሽሮፕ አይሰጥም። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው፣ አጎትም ቢሆን፣ ልጁን ይዞ መውጣት አይችልም። ትኩሳት ያለበት ልጅ እቤቱ ይውላል። ከሰዓቱ ያሳለፈ ወላጅ ተጨማሪ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ቤት እንዲያውም በደቂቃ ያስከፍላል።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተቃራኒው ነው እላለሁ። ከእነዚህ መስመሮች ብዙዎቹ አንድ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሃ ልጅ፣ ከሞተ በኋላ የተጻፉ ናቸው። ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ለኛ ከተማ ጉዳይ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በጋዜጣ የሚገኝ ሞግዚት

ታሪኩን ከእንግሊዝ እንጀምር። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ሳይጋቡ የወለዱ ሴቶችን ሸክም ሁሉ በሴቷ ጫንቃ ላይ ጣለው። አባትየው ነፃ ወጣ ማለት ይቻላል። ሴቷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ልጅ ይዛ አትቀጠርም። ስለዚህ ልጁን የሚይዝላት ሰው መፈለግ ነበረባት።

ገበያው ፍላጎቱን አየና መጣ። ጋዜጦች ላይ «ልጅ ተቀብለን እናሳድጋለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነበር፦ በየሳምንቱ የሚከፈልና አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ። ልዩነቱን ልብ በሉ። በየሳምንቱ የምትከፈል ጠባቂ ልጁ በሕይወት ቢቆይላት ትጠቀማለች። አንድ ጊዜ የተከፈላት ግን ልጁ በኖረ ቁጥር ትከስራለች። ክፉ ሰው ባይጨመርበት እንኳ የሒሳቡ አሠራር ራሱ ሞትን የሚጋብዝ ነበር።

ከረሃብ ቀጥሎ ዋናው መሣሪያ ማስተኛ መድኃኒት ነበር። በዚያ ዘመን በየሱቁ የሚሸጥ «ጎድፍሬይስ ኮርዲያል» የሚባል ሽሮፕ ነበር፤ ውስጡ ኦፒየም አለበት። ፋብሪካ የምትውል እናትም፣ ስድስት ሕፃን የምትጠብቅ ጎረቤትም ይገዙት ነበር። ልጁ ዝም ይላል፤ የተኛ ልጅ ደግሞ ምግብ አይጠይቅም። ቀስ እያለ ይከሳል፤ አንድ ቀን አይነቃም። «ያለ ወላጅ ፊርማ መድኃኒት አይሰጥም» የሚለውን መስመር ስታነቡ ይህን ጠርሙስ አስታውሱ።

በ1870 የለንደን ፖሊስ ብሪክስተን ሰፈር የማርጋሬት ዋተርስን ቤት ሲፈትሽ ብዙ ሕፃናት ተርበው፣ ቆሽሸውና በመድኃኒት ደንዝዘው አገኘ። ሴትየዋ በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን ተሰቀለች። አገሩ ተናወጠ። ቀድሞውንም የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት ስለዚህ ንግድ መጻፍ ጀምሮ ስለነበር ፓርላማው በ1872 የሕፃናትን ሕይወት ለመጠበቅ ሕግ አወጣ።

የሃያ አራት ሰዓቱ ቀዳዳ

ሕጉ ምን አለ? ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሁለትና ከዚያ በላይ ሕፃናትን ለክፍያ ከ24 ሰዓት በላይ የሚያኖር ሰው ቤቱን ያስመዝግብ። መዝገብ ይያዝ፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ከማን እንደተረከበው፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ይጻፍ። ልጅ ከሞተ ለመርማሪ ባለሥልጣን በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገር። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ጠዋት ጠዋት ወላጅ የምታስፈርምበት መዝገብ የዚህ መዝገብ የልጅ ልጅ ነው።

ግን ሕጉ ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንደኛ፣ አንድ ሕፃን ብቻ የሚይዝ ሰው አይመዘገብም። ሁለተኛ፣ ጠዋት ተቀብሎ ማታ የሚመልስ ሰው አይመዘገብም። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሕጉን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የሴቶች መብት ተሟጋቾች መኖራቸው ነው። ሊዲያ ቤከርና ጓደኞቿ እንዲህ ብለው ተከራከሩ፦ ይህ ሕግ የድሃ ሴቶችን ኑሮ በወንድ ተቆጣጣሪዎች እጅ ይጥላል፤ በጥቂት ወንጀለኞች ሰበብ የጎረቤቷን ልጅ በቅን ልቦና የምትይዘውን ሴት ያሸማቅቃል፤ ልጅ የሚያስይዙበት ያጡ እናቶች ደግሞ ሥራ ያጣሉ።

አሁን ላይ ሆኖ «ተሳስተው ነበር» ማለት ቀላል ነው። ግን ግማሹ ትክክል ነበር። ሁለተኛ መንገድ ሳይሰጥ ቁጥጥር ብቻ የሚያመጣ ሕግ ጠባቂዋን ወደ ጓዳ ይገፋታል እንጂ አያስተካክላትም። ይህ ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ግን ዋጋ አስከፍሏል። አሚሊያ ዳየር የምትባል ሴት ለዓመታት ሕፃናትን በአንድ ጊዜ ክፍያ እየተቀበለች ገደለች። በ1896 ሬዲንግ ከተማ አጠገብ ከቴምዝ ወንዝ የወጣ ጥቅል ላይ የነበረ ወረቀት አድራሻዋን አሳበቀ። ሰኔ 10 ቀን ኒውጌት እስር ቤት ተሰቀለች። በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተሻሻለ፤ ዕድሜው እስከ 5 ዓመት ከፍ አለ። አንድ ልጅ ብቻ የሚይዘው ሰው ግን ወደ መዝገቡ የገባው በ1908 ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ፣ ማለትም የቀን ጠባቂዋ፣ ክፍት ሆኖ የቆየው እስከ 1948 ነው። ሰባ ስድስት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠዋት ልጅ ተቀብላ ማታ የምትመልሰው ሴት በሕግ ዓይን አልነበረችም። በ1948 የወጣው የሕፃናት ማቆያዎችና የልጅ ጠባቂዎች ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቷ የምትጠብቀውን ሴት በስሟ ጠራት።

ንጋት ላይ የወጡት ተመራማሪዎች

ሕግ ወጣ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ይህን እኛ ለማንም አናስረዳም። በ1970ዎቹ ብራያን ጃክሰንና ሶንያ ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የእንግሊዝን የልጅ ጠባቂዎች ዓለም ማጥናት ያዙ። ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ ቆሙ፤ ሕፃን ያቀፉ እናቶች ወዴት እንደሚሄዱ ተመለከቱ። ብዙዎቹ የሚገቡት በየትኛውም መዝገብ ላይ ወደሌለ ቤት ነበር።

ጥናታቸው በ1979 በመጽሐፍ ወጣ። ቁም ነገሩ የሚከተለው ነው፦ እነዚህን ሴቶች ማሳደድ ዋጋ የለውም፤ ማሠልጠን፣ መጫወቻ ማዋስ፣ ማሰባሰብ፣ እንደ ሠራተኛ ማየት ያዋጣል። በ1977 የእንግሊዝ ልጅ ጠባቂዎች ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ በሕግ ለእነዚህ ሴቶች ማዕረግና የሠራተኛ መብት ሰጠች፤ ከተራ «ሞግዚት» ወጥተው «የእናት ረዳት» የሚል የሙያ ስም አገኙ። ፈረንሳይ ደግሞ ወደዚህ የደረሰችው በራሷ መቃብሮች በኩል ነው፤ ለገጠር አጥቢዎች የሚሰጡ ሕፃናት እንደ ቅጠል ሲረግፉ አይታ በ1874 የቁጥጥር ሕግ አውጥታ ነበር።

አሜሪካ፦ ከጦርነት እስከ ቬቶ

አሜሪካ በሌላ መንገድ መጣች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሴቶችን ወደ ፋብሪካ ሲያስገባ የፌዴራል መንግሥት ከ1943 እስከ 1946 በላንሃም ሕግ ገንዘብ መድቦ የሕፃናት ማቆያዎችን ከፈተ። ጦርነቱ አለቀ፤ ወንዶቹ ተመለሱ፤ ገንዘቡም ቆመ። ማቆያዎቹ ተዘጉ፤ ልጆቹ ግን አልጠፉም። ወደ አያት፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሰው ሳሎን ሄዱ።

በ1962 መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የማቆያ ወጪ እንደገና መክፈል ሲጀምር ገንዘቡ የሚሄደው ፈቃድ ላለው ቤት ነው አለ። የቤት ውስጥ ማቆያ ፈቃድ በየክፍለ ግዛቱ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ገንዘብና ደንብ ተያይዘው መጡ። በ1971 የአሜሪካ ኮንግረስ አገር አቀፍ የሕፃናት ማቆያ ሥርዓት የሚዘረጋ ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ታኅሣሥ 9 ቀን ውድቅ አደረጉት፤ ልጅ ማሳደግን ከቤተሰብ ወስዶ ለመንግሥት ይሰጣል የሚል ነበር ክርክራቸው።

የዚያ ቬቶ ጥላ ዛሬም አለ። አገሪቱ አንድ ወጥ ሥርዓት ስላልዘረጋች ሥራው በሰው ቤት ውስጥ ቀረ። የሰው ቤት ውስጥ ሥራ ደግሞ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ የአንደኛ ፎቅ ክፍል፣ ፈቃድ፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ስደተኛ ሴቶች በዚያ በር ገቡ። የኛዎቹም።

አሥራ ስድስት ነጥብ

ቨርጂኒያን እንውሰድ፤ ሐበሻ የሚበዛበት ስለሆነ። እዚያ አንዲት ጠባቂ ያለ ረዳት ስንት ልጅ መያዝ እንደምትችል የሚወሰነው በነጥብ ነው። እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ፣ ከ16 እስከ 23 ወር ያለ 3 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ 2 ነጥብ፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለ 1 ነጥብ ነው። ከ16 ነጥብ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ጨቅላና ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች ከያዘች ሞላ፤ አንድ ልጅ ለመጨመር ረዳት መቅጠር አለባት።

የቢሮክራሲ ጨዋታ ይመስላል። ግን ጥያቄው ቀላል ነው፦ ቤቱ ቢቃጠል አንዲት ሴት በሁለት እጇ ስንት ልጅ ይዛ ትወጣለች? ራሱ መራመድ የማይችል ልጅ አራት ነጥብ የሆነው ለዚህ ዓይነት ቀን ነው።

የቨርጂኒያም ደንብ በነፃ አልመጣም። በ2014 ዋሽንግተን ፖስት በግዛቲቱ የቤት ማቆያዎች ውስጥ የሞቱ ልጆችን ጉዳይ መርምሮ አብዛኞቹ የሞቱት ቁጥጥር በሌለባቸው ቤቶች መሆኑን ጻፈ። ያኔ እስከ አምስት የሰው ልጅ የምትጠብቅ ሴት ፈቃድ አያስፈልጋትም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን ቀየረ፤ ከ2016 ጀምሮ አምስተኛው ልጅ ሲገባ ፈቃድ ግዴታ ሆነ። በዚያው በ2014 ፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ማቆያዎች ላይ የጣት አሻራ ምርመራ፣ ሥልጠናና ሳይነገር የሚመጣ ዓመታዊ ፍተሻ ግዴታ አደረገ።

የመኝታው ደንብም የራሱ ታሪክ አለው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሕፃን በሆዱ ይተኛ ይሉ ነበር። በ1992 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩን ለወጠ፤ በ1994 «በጀርባ ይተኙ» የሚለው ዘመቻ ተጀመረ። በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። ቀጥሎ የታየው ነገር ጠባቂ ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል፦ እቤቱ በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን አንድ ቀን ሌላ ሰው በሆዱ ካስተኛው አደጋው ከሌላው ይብሳል። «እኔ አምስት ልጅ በሆዳቸው አስተኝቼ አሳድጌአለሁ» የሚለው የልምድ ክርክር የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቴል አቪቭ፣ 2015

ደንብ ባለበት አገር ደንብ የማይደርሳቸው ሰዎች ሲኖሩ ምን ይሆናል? እስራኤል መልሱን አሳይታለች። እዚያ መንግሥት የሚደግፋቸው «ሚሽፓሕቶን» የሚባሉ የቤት ማቆያዎች አሉ፤ አንዲት ሴት እስከ 5 ልጅ ትይዛለች። የጥገኝነት ጠያቂዎች ልጆች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ከዚህ ድጎማ ውጭ ነበሩ። እናቶቻቸው ደግሞ ጠዋት ምግብ ቤት ሊያጥቡ፣ ሆቴል ሊያጸዱ መውጣት አለባቸው።

ስለዚህ በደቡብ ቴል አቪቭ አንዲት ሴት አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሕፃናት በየአልጋው ደርድራ የምትውልባቸው ቤቶች በዙ። በ2015 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ አምስት ሕፃናት እንዲህ ባሉ ቤቶች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ለተሻሉ ማቆያዎች በጀት እንዲመደብ የወሰነው። ለንደን 1870፣ ቴል አቪቭ 2015፦ ምክንያቱ አንድ ነው። ሥራ መሄድ ግድ የሆነባት እናት፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ ሕፃን፣ አንዲት ጠባቂ፣ የተዘጋ በር።

ጠባቂዋስ?

እስካሁን ስለ ልጁ አወራን። ለጠባቂዋ ማን ያውራ? ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሯን ከፍታ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትዘጋ ሴት ናት። ምሳ የምትበላው ቆማ ነው። ስትታመም ምትክ የላትም። ብዙዎቻችን «ገንዘበኛ ናት» ብለን የምናማት በደቂቃ ስለምታስከፍል ነው፤ ግን እናትየው ዘግይታ ስትመጣ የምትዘገየው ደቂቃ የሌላ እናት፣ ማለትም የጠባቂዋ፣ የቤተሰብ ጊዜ ነው። ክፍያው ለዚያ ድንበር ነው።

ኢሊኖይ ውስጥ በ2005 ከመንግሥት ድጎማ የሚከፈላቸው የቤት ጠባቂዎች ማኅበር መርጠው ከግዛቲቱ ጋር ለመደራደር በቁ። ዋሽንግተን ግዛት፣ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ያሉባት ሲያትል የምትገኝበት፣ በ2006 በሕግ ይህንኑ ፈቀደች። ዲሲ ደግሞ ሌላውን ፊት አሳየች፦ በ2016 ከጠባቂዎች የትምህርት ማስረጃ መጠየቅ ጀመረች፤ ሰፋ ያለ የቤት ማቆያ ላላቸው የኮሌጅ ዲፕሎማ ጭምር። ደንቡ በፍርድ ቤት ተከራክሮ በ2022 ጸና። ከተማዋ በዚያው ዓመት ለእነዚህ ሠራተኞች ደመወዝ ማሻሻያ ገንዘብ መክፈል መጀመሯ ግን ፍርዱን ሚዛን ሰጠው። «ተማሪ» ካልክ «ክፈል» ማለት አለብህ። የሊዲያ ቤከር የ1872 ጥያቄ ግማሽ መልስ ያገኘው እንዲህ ነው።

ወደ ሰፈራችን

አሁን እኛ ጋ እንምጣ። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገ። መልካም ነው። ግን በ91ኛው ቀን ምን ይሆናል? የሦስት ወር ሕፃን ለማን ይሰጣል?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ወይ ለአያት፣ ወይ ለጎረቤት፣ ወይ ከገጠር ለመጣች ሠራተኛ። አያቷ ኮንዶሚኒየም ሌላ ጫፍ ላይ ደርሷታል፤ በሁለት ታክሲ ነው የምትደረሰው። ጎረቤቷ ራሷ ሥራ ትውላለች። የቀረችው ሠራተኛዋ ናት፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ የሆነች። ያው አዋጅ ደግሞ የግል ቤት አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ልብ በሉ፦ ሕፃኑን የሚጠብቀው ደንብ ደካማ ነው፤ ጠባቂዋንም የሚጠብቀው ደንብ ደካማ ነው። ሁለቱም በአንድ በር ተዘግተው ይውላሉ።

በየሰፈሩ ደግሞ በግል ቤት የተከፈቱ ማቆያዎች እየበዙ ነው። ጥሩ አሉ፤ የማይሆኑም አሉ። የኛ ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ስንት ነው? እንግሊዝኛ ያስተምራል? እኔ ሌሎች ጥያቄዎችን ልጨምር። አንዲት ሴት ስንት ጨቅላ ትይዛለች? ልጆቹ ሁሉ ከሰዓት እንዴት በአንድ ሰዓት ተኙ? ሳልነግራችሁ ብመጣ ታስገቡኛላችሁ? ልጄን ሊወስድ የሚችለውን ሰው ስም የት ጻፋችሁት? እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ? ለምትጠብቀው ልጅስ ስንት ትከፍሏታላችሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ የምንረሳው ሁላችንም ነን። ርካሽ ጠባቂ ፈልገን ውድ ጥንቃቄ እንጠብቃለን። የለንደኑ ማስታወቂያ ያስተማረው ነገር ይህ ነበር፤ ልጁ ደህና የሚሆነው ደህንነቱ ለጠባቂዋም ሲያዋጣት ነው።

ታሪኩ ሁለት ስህተት ያሳየናል። አንዱ ሞት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሌላው ሞት ሲመጣ ድሃዋን ጠባቂ አስሮ ነገሩን መርሳት። መሃል ላይ ያለው መንገድ አሰልቺ ነው፦ መመዝገብ፣ ማሠልጠን፣ መደጎም፣ መፈተሽ። እንግሊዝ ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባት፤ እኛ ግን የሷን መዝገብ ማንበብ እንችላለን። ቁጥሩን መጻፍ ያለብን የመጀመሪያው ስም ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ ነው።

እስቲ በሉ፣ ልጅ ያላችሁ ነገ ጠዋት ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ የሌላችሁም የሠራተኛችሁን ዕድሜ ጠይቁ።